ከድልድዩ ወዲህ

ሰው ፍርሃትን እንዴት እንደሚማር ሳስተምር የኖርኩ ሴት ነኝ። አገር ቤት መምህራን ማሰልጠኛ ኮሌጅ ውስጥ የስነ ልቦና አስተማሪ ነበርኩ፤ ከምዕራፎቹ ሁሉ አብልጬ የምወደው ስለ መማር የሚያወራውን ነው። ውሻና ደወል፣ ጠመኔና ጥቁር ሰሌዳ። «ውሻ ምግብ ሲያይ ለሃጩ ይዝረበረባል፤ ይህን ማንም አላስተማረውም። ምግቡን ከመስጠታችሁ በፊት ሁልጊዜ ደወል ብትደውሉ ግን ውሎ አድሮ ደወሉን ብቻ ሰምቶ ለሃጩ ይዝረበረባል፤ ይህን ተምሮታል» እላለሁ። አንዱ ነገረኛ ተማሪ ከኋላ ሆኖ «ቲቸር፣ የምሳ ደወል ሲደወል እኛስ?» ይላል፤ ክፍሉ በሳቅ ይሞላል። እኔም አብሬ እስቃለሁ። አሁን ሳስበው ያ ሳቅ ያናድደኛል። ምኑ ያስቃል? የታሰረ ውሻ እኮ ነው።

አሜሪካ ስመጣ ዲግሪዬ ሻንጣ ውስጥ ቀረ። ዊተን የሚባል ሰፈር፣ አንድ ደይኬር፣ የሕፃናት መዋያ ውስጥ ልጆች እይዛለሁ። ሥራዬን አልንቀውም፤ እንዲያውም ያው የድሮው ምዕራፍ ነው። እጁን ለታጠበ ልጅ ደረቱ ላይ የወረቀት ኮከብ እለጥፍለታለሁ፣ በማግስቱ ማንም ሳይጠራው ቧንቧው ስር ይገኛል። ሲያለቅስ ብስኩት ከሰጠሁት ደግሞ ብስኩት በፈለገ ቁጥር ያለቅሳል። አዲስ የሚቀጠሩትን ልጆች «ምን እየሸለማችሁ እንደሆነ እወቁ» እያልኩ አሰለቻቸዋለሁ። በሰው ልጅ ላይ እንዲህ አዋቂ ነኝ።

እኔ የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። እማዬ ከእህቴ ጋር ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነበረች። መንገዱ ከተከፈተ ሩቅ አይደለም፤ ትራፊክ ከያዘሽ ግን ጸሎት ነው። ዋሽንግተንን የሚዞረውን አውራ ጎዳና፣ ቤልትዌዩን ይዘሽ ትወርጃለሽ፣ ከዚያ ፖቶማክ ወንዝ ይመጣል፣ ሜሪላንድን ከቨርጂኒያ የሚያገናኘው ያ ሰፊ ድልድይ ይመጣል፣ ድልድዩን እንዳለፍሽ አሌክሳንድሪያ ነሽ። ለስንት ዓመት እንደ ቤቴ ደጃፍ ተመላልሼበታለሁ።

አንድ ዝናባማ ቀን ወደ እማዬ ስሄድ ድልድዩ ላይ ከፊቴ የነበረ የጭነት መኪና ጎማው ፈነዳ። ፍሬን ያዝኩ። መኪናዬ እንደ እንዝርት ተሽከረከረችና የድልድዩን ጠርዝ ገጭታ ቆመች። በመስኮቱ በኩል የማየው ውሃ ብቻ ነበር፤ ከኋላ የሚመጣው መኪና ሁሉ ጥሩንባውን እያስጮኸ በጎኔ ያልፋል። ማንም አልሞተም። እኔም ጥርሴ እንኳ አልተነቃነቀም። «እግዚአብሔር አተረፈሽ» አሉኝ፣ አሜን አልኩ። ግን ሰውነቴ በዚያች ቅጽበት ትምህርቱን ጨርሶ ነበር። ውሻው ደወሉን ለመልመድ ብዙ መደጋገም ይፈልጋል፤ ፍርሃት ሲሆን አንድ ቀን ይበቃል። ይህንንም አስተምሬያለሁ።

መጀመሪያ ድልድዩን ብቻ ነበር የምፈራው። ቀጥሎ «ድልድይ ከፊትህ አለ» የሚለውን ምልክት ሳይ እጄ መራስ ጀመረ። ቀጥሎ በዋሽንግተን በኩል ዞሬ ልሂድ ብዬ ሞከርኩ፤ ያም ወንዝ ነው፣ ያም ድልድይ ነው፣ መሃል ከተማ መኪናዬን ጥዬ ወረድኩ። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» ማለት ይኸው ነው፤ በእንግሊዝኛ ረጅም ስም አለው እንጂ አባቶቻችን ጨርሰውታል። የከተማውን ባቡር፣ ሜትሮ ያዝኩ። ቢጫው መስመር ከምድር ስር ወጥቶ ውሃው ላይ ብቅ ሲል የማላውቃት ሴትዮ ክንድ ላይ ተጠመጠምኩ። ደግ ሴት ናት፣ እስኪያልፍልኝ ያዘችኝ። «እንግዲያው በሰማያዊው ሂጂ፣ እሱ በዋሻ ነው የሚሄደው» ያለችኝ ጓደኛዬ ናት። ከወንዙ በታች መሆኑን ባላውቅ ጥሩ ነበር። ባቡሩ ወንዙ ጋ ሊደርስ ሲል በር ተከፈተ፣ ወረድኩ፣ ቀኑን ሙሉ ፕላትፎርሙ ላይ ተቀመጥኩ።

ይህች ጓደኛዬ ከኔ በላይ ያለው ፎቅ ላይ ነው የምትኖረው። ቤተክርስቲያንም አብረን ነን። የኛ ሰው ክፉ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ ደግነቱ ነው ያጠፋኝ። «ምን ችግር አለ? እኔ አደርስሻለሁ» አለች። እሑድ ቅዳሴ ስንወጣ በመኪናዋ ትወስደኛለች፤ ድልድዩ ሲቃረብ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጥዬ እጎነበሳለሁ፣ እሷ ጮክ ብላ መዝሙር ትለቃለች፣ ከዚያ ጉልበቴን መታ አድርጋ «አለፈ፣ ተነሺ» ትለኛለች። ያቺን «አለፈ» ስትል የሚሰማኝ እፎይታ! እንደሱ ያለ ጣፋጭ ነገር ቀምሼ አላውቅም። ችግሩም እሱ ነው። ከሚያስፈራሽ ነገር ስትሸሺ የሚሰማሽ እፎይታ ራሱ ሽልማት ነው፤ የተሸለመ ነገር ደግሞ ይደገማል፣ ይጠነክራል። ሰውነቴ የተማረው ድልድዩ ደህና መሆኑን አልነበረም። ነጠላው ስር ስለተደበቅሁ ተረፍኩ ብሎ ነው የተማረው።

ኢንሹራንሴ የሸፈነልኝ ቴራፒስት ጋ ሄጄም ነበር። ወጣት ልጅ ናት፣ ውሻና ደወሉን በሥዕል አስረዳችኝ። ለቀባሪው አረዱት አሉ! እንደ ጨዋ ተማሪ ራሴን እየነቀነቅሁ አዳመጥኳት። ጸበልም ተጠምቄያለሁ። እምነቴን አልክድም፣ በጸበሉ ቀን ቀለል ይለኛል፤ ድልድዩ ግን በማግስቱ ያው ድልድይ ነው።

ባለፈው ክረምት የእማዬ ልብ ደከመና ሆስፒታል ገባች። እህቴ ሥራ ላይ እያለሁ ኮል አደረገችልኝና እንዳለ ነገረችኝ። ቁልፌን ይዤ ሮጥኩ። ቤልትዌዩ ላይ ገና ሩቅ ሳለሁ ትንፋሼ ተቆረጠ፣ መኪናዬን ዳር አቁሜ መሬት ላይ ተቀመጥኩ፣ አምቡላንስ መጥቶ ወሰደኝ። ፓኒክ አታክ፣ የድንጋጤ ሕመም ነው አሉኝ። እማዬ ቨርጂኒያ ሆስፒታል፣ እኔ ሜሪላንድ ሆስፒታል፣ ምስኪን እህቴ በሁለት ስልክ መሃል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤተሰቡ አንድ ነገር ተማረ፤ እውነቱ ሲነገረኝ እወድቃለሁ፣ ሲደበቀኝ ቀጥ ብዬ እውላለሁ። እንግዲህ ማን ነው እውነት የሚነግረኝ? ድሮም የኛ ወግ ክፉ ወሬን በስልክ አይናገርም። መርዶ የሚነገረው ጎህ ሲቀድ፣ ዘመድ ወዳጅ ተሰብስቦ በር ሲያንኳኳ፣ ሰው ግራ ቀኝ ሲይዝሽ ነው። እኔ ደግሞ በዚህ ላይ ጨምሬ አሰለጠንኳቸው። ከዚያ ወዲህ ስደውል መልሱ አንድ ነው፤ «ደህና ናት፣ ደህና ናት፣ አንቺ ብቻ አትጨነቂ።»

እማዬ ከሆስፒታል ወጣች፣ ግን ከቤት መውጣት ቀረ። በጓደኛዬ መኪና ስሄድ በየጊዜው አንሳ፣ ቀልላ አገኛታለሁ። የእግሯ እብጠት፣ ያቺ ሁለት ትራስ ደራርባ የምትተኛው ነገር፣ ትንፋሿ። አስተማሪ ብሆንም ሐኪም አይደለሁም፣ ግን ዓይን አለኝ። አንድ ቀን ትደክማለች፣ ልጄን ጥሩልኝ ትላለች፣ ጓደኛዬ ደግሞ ሺፍት ላይ ትሆናለች፤ እኔ እዚህ ማዶ ቆሜ እናቴ እዚያ ማዶ ትሞታለች። ሌላ ምንም አላስብም ነበር። የልጆቹን ዳይፐር ስቀይር እሱን ነው፣ ቅዳሴ ላይ ቆሜ እሱን ነው። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ወንዙን ከመሬት እንዲያጠፋልኝ ሁሉ ለምኜዋለሁ።

በዚህ ዓመት ጸደይ ላይ ቆርጬ ተነሳሁ። የተማሩት ነገር የሚፈታበትን መንገድ አውቀዋለሁ። ደወሉ እየተደወለ ምግቡ ካልመጣ ውሻው ቀስ በቀስ ይተወዋል፤ መክሰም እንለዋለን። ድልድዩ አጠገብ ቀስ በቀስ እየቀረብሽ፣ ሳትሸሺ፣ ሳትደበቂ፣ ፍርሃቱ ራሱ እስኪደክመው መቀመጥ ነው። ዋናው ግን አለመሸሽ ነው። ስለዚህ ነጠላውም ቀረ፣ የጓደኛዬም መኪና ቀረ። በራሴ መሪ እስክሻገር ድረስ እማዬን በስልክ ብቻ ላያት ወሰንኩ።

ጓደኛዬ ተቀየመች። «ምን አደረግኩሽ? ሰው ደግ ቢያደርግልሽ ጥጋብ ጀመረሽ?»

«ጥጋብ አይደለም። አንቺ ባደረስሽኝ ቁጥር ፍርሃቴን እያጎረስሽው ነው።»

«ስሚኝማ፣ እኔ ያጎረስኩት የሰው ልጅ ነው። ይሄን የመጽሐፍ ነገርሽን ተይውና ነይ ግቢ፣ እናትሽን ልውሰድሽ።»

እሷ እውነት አላት፣ እኔም እውነት አለኝ፤ ለዚህ ነው ሁለታችንም የጮህነው። እማዬ በቪዲዮ ነገሩን ስነግራት ሳቀች። «አይዞሽ የኔ ሆድ፣ ቀስ ብለሽ። እኔ የት እሄዳለሁ?» አለችኝ። ካሜራውን ግንባሯ ላይ ነበር የያዘችው፣ ሁልጊዜ እንደዚያ ናት፣ ሽበቷን ብቻ እያየሁ አወራኋት።

ከሥራ ስወጣ ወንዙ ዳር፣ በሜሪላንድ በኩል፣ ድልድዩ የሚታይበት ፓርኪንግ ሄጄ እቀመጥ ጀመር። መጀመሪያ ሰሞን ሞተሩን እንኳ ማጥፋት አልቻልኩም። ኋላ ግን ሳንድዊቼን እዚያው መብላት ቻልኩ። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። ቀጥሎ ቤልትዌዩ ላይ ወጥቼ ወደ ድልድዩ መንዳት ጀመርኩ። እዚህ ላይ ነው የተያዝኩት። ከድልድዩ በፊት አንዲት የመጨረሻ ኤግዚት፣ ከአውራ ጎዳናው መውጫ፣ አለች። እስከሷ በደንብ እነዳለሁ፣ እየጸለይኩ፣ እየተሳደብኩ። ልክ እሷ ጋ ስደርስ እጄ ራሱ መሪውን ወደ ቀኝ ይጠመዝዘዋል። ወጣሁ። እፎይ። ሽልማቴን በላሁ።

በነጋታው እንደገና። እንደገና እፎይ። እየሰለጠንኩ ነበር፣ ግን ለመውጣት! አንድ ጊዜ ኤግዚቷን እንደወጣሁ ነዳጅ ማደያ ውስጥ ቆሜ መሪውን በቡጢ ደበደብኩት። «ቲቸር ነሽ አሉ! ደንቆሮ! ደደብ!» እያልኩ ራሴን ሰደብኩ፤ ነዳጅ የሚቀዳ ሰውዬ ዞር ብሎ አይቶኝ ቶሎ ወደ መኪናው ገባ። ምን እየሆንኩ እንደሆነ በየደረጃው፣ በየስሙ አውቀዋለሁ። ፈተና ብታወጡልኝ ሙሉ አገኛለሁ። ማወቅ ከአንገት በላይ ይቀራል፤ እጄ አልተማረም። እንደዚያ ተስፋ የቆረጥኩበት ጊዜ የለም። እቤቴ ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ ወለሉ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

በዚያው ሰሞን ስደውል እህቴ «ተኝታለች» አለችኝ። በማግስቱም «አሁን ገና መድኃኒቷን ውጣ ሸለብ አደረጋት» አለች። ቪዲዮ አብሪ ስላት ኔትወርኩ እንቢ አለ አለችኝ። ድምጿ ቀጥ ያለ፣ የተጠና ድምፅ ነው፤ ከኋላዋ የሚሰማውም የቤት ድምፅ አልመሰለኝም። እኔም አልጎተጎትኳትም። ብጎተጉታት ትነግረኛለች ብዬ ፈራሁ።

ዓርብ ከሥራ ስመለስ ተቀይማኝ የሰነበተችው ጓደኛዬ በሬ ላይ ቆማ አገኘኋት። ምስር ወጥ ይዛ መጥታለች። አንገቴን አቅፋ ቶሎ አልለቀቀችኝም። የኛ ሰው መደበቅ ይወዳል እንጂ አያውቅበትም።

«እማዬ ምን ሆነች?» አልኳት።

«ምን ትሆናለች? ምንም! ይልቅ ብዪ፣ ከስተሻል።» ይህን ስትል ገብታ ወጡን እያሞቀች ዓይኗ ምድጃው ላይ ነው። ስትወጣ «ነገ ሥራ የለሽም አይደል? ጠዋት ቤት ነሽ?» ብላ ጠየቀችኝ።

ጠዋት ቤት ነሽ! ስንት ሰው ቤት እኔ ራሴ ከሽማግሌዎች ጋር በጎህ ሄጄ አንኳኩቻለሁ። ከዋዜማው «ጠዋት ቤት አለች?» ብለን አጣርተን ነው የምንሄደው። ሊነጋ ሲል ልብሴን ለብሼ ተቀምጬ ነበር። ከዚያ አንድ የእብድ ሐሳብ መጣብኝ። ካልተነገረኝ አልሞተችም። በሬን ካላንኳኩ አልሞተችም። ከመምጣታቸው በፊት ከወጣሁ፣ ከደረስኩላት፣ ትኖራለች። ስልኬን አጥፍቼ ቦርሳዬ ውስጥ ወረወርኩና ደረጃውን ሮጬ ወረድኩ።

ቤልትዌዩ በቅዳሜ ማለዳ ባዶ ነው። አለቀስኩ፣ «እመቤቴ፣ እመቤቴ» አልኩ፣ ሌላ ጸሎት ሁሉ ጠፋብኝ። የድልድዩ ምልክት መጣ። እጄ ራሰ፣ ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ገባ። ያ ሁሉ ልምምድ የት ገባ? ፍርሃቱ ቅንጣት አልከሰመም! ኤግዚቷ መጣች። በቀኝ ብወጣ ወደ ቤቴ፣ ወደዚያ በር፣ ወደዚያ ማንኳኳት እመለሳለሁ። ቀጥ ብዬ ነዳሁ። ጎማው የድልድዩን መጋጠሚያ ሲረግጥ ድው፣ ድው ሲል እሪ ብዬ ጮህኩ፣ ውሃውን በግራም በቀኝም አየሁት፣ ጮህኩ፣ ነዳሁ። ጀግንነት አይደለም። የሚበልጠኝን ፍርሃት ስሸሽ ነው የተሻገርኩት።

ግን ተሻገርኩ። ቨርጂኒያ የሚለውን ሰሌዳ ሳየው ሌላ ጩኸት ከሆዴ ወጣ፣ የደስታ። መኪናው ውስጥ ብቻዬን እልል አልኩ። «እማዬ፣ መጣሁልሽ! በገዛ እጄ መጣሁልሽ!» እንዴት አድርጌ እንደምነግራት እያሰብኩ፣ ካሜራ የለም፣ ግንባር የለም፣ ፊቷን በሁለት እጄ ይዤ እንደምነግራት እያሰብኩ እህቴ አፓርትመንት ጊቢ ገባሁ።

ፓርኪንጉ ሞልቷል። ወንዶች ከቫን ላይ ታጣፊ ወንበር እያወረዱ ይደረድራሉ። የታሸገ ውሃ በካርቶን ተቆልሏል። ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደረጃው ላይ ቆመዋል። አንዷ አየችኝና አፏን በእጇ ያዘች።

እህቴ ከቤት ወጣች። ፊቷ አብጧል። እኔን ሳይሆን ከኋላዬ ይኖራሉ ያለቻቸውን ነው በዓይኗ የምትፈልገው፣ ጓደኛዬን፣ ሽማግሌዎቹን። እነሱ ለካ ያን ሰዓት ሲልቨር ስፕሪንግ ባዶ ቤቴን እያንኳኩ ነበር።

«ማን አመጣሽ?» አለችኝ።

«ነድቼ።»

«ማን ነው የነዳው?»

«እኔ።»

እንደ እብድ አየችኝ፣ ከዚያ አንገቴ ላይ ተጠመጠመችና ሁለታችንም አስፋልቱ ላይ ነበርን። የሆነውን ሁሉ ልጽፈው አልችልም፤ ስለ ልቅሶ የማያውቅ አንባቢ የለም።

ሰው ቀለል ሲል፣ ከሰዓት በኋላ፣ የእማዬ ክፍል ውስጥ ሁለታችን ብቻ ቀረን። ሐሙስ ነው ያረፈችው። ሳምንቱን ሙሉ ሆስፒታል ነበረች፣ «ተኝታለች» ሲሉኝ እዚያ ነበረች። ያኔ ቁጣዬ ገነፈለ። ከታላቅ እህቴ ጋር እንደዚያ ተናግሬ አላውቅም። «እኔ ልጇ አይደለሁም? አትችልም ብላችሁ እንደ ሕፃን ደበቃችሁኝ! ብትነግሪኝ እመጣ ነበር! እንደዛሬው እመጣ ነበር!» አልኳት። የልቤን ተናግሬ ስጨርስ አፍንጫዋን በነጠላዋ ጠረገች።

«ልደውልልሽ ስልኩን ይዤ ነበር እኮ» አለች። «እማዬ ናት የከለከለችኝ። ኦክስጅኑን ከፊቷ አውርዳ እጄን ያዘችኝ። ‹አትንገሪያት፤ ከሰማች ነድታ ትመጣለች› አለችኝ። ‹ማን፣ እሷ? እማዬ፣ እሷ እኮ አትሻገርም› ስላት ተቆጣችኝ። ‹ልጄን እኔ አውቃታለሁ፣ ትሻገራለች። እንደዚያ እየደነገጠች ብቻዋን እዚያ ድልድይ ላይ አትሁንብኝ› አለች።»

ሁሉም የደበቁኝ አትችልም ብለው ነው። እናቴ የደበቀችኝ እንደምችል አውቃ ነው።